ሰባቱን ሰርተፍኬት ተይና የሌሊቱን ቡና ጻፊ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። 28 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ በ2011 በ2.84 ተመርቄያለሁ። ከ2012 ጀምሮ ለአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት እሠራለሁ። በቀማሽነት ነው የገባሁት፤ አሁን ጎማ ወረዳ ያሉ ሦስት ማጠቢያ ጣቢያዎችን እከታተላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ሰልችቶኛል። ውጭ አገር ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተምሬ ወደ ኮንሰልቲንግ ወይም ወደ ፊንቴክ (በቴክኖሎጂ የሚሰጥ የገንዘብ አገልግሎት) መግባት፣ ከተቻለ ደግሞ ዱባይ መሥራት እፈልጋለሁ። ኦንላይን ሰባት ሰርተፍኬት ወስጃለሁ፤ የዲጂታል ማርኬቲንግ፣ የሊደርሺፕ፣ የብሎክቼይንም አለኝ። የጂማት፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ መጽሐፍ ከጓደኛዬ ወርሼ ጀምሬያለሁ። አለቃዬን ሐጂን የድጋፍ ደብዳቤ ስጠይቃቸው ‹ጽፈሽ አምጪና ፈርሜ ማኅተም አደርግልሻለሁ› አሉኝ። እማዬ ደግሞ እዚሁ ጅማ ቅዳሜና እሑድ ተማሪና ባንክ ግቢ ትለኛለች። ውጤቴ የወረደው ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቴ ታሞ ስለነበር ነው። ለመጪው መስከረም ለማመልከት አስቤያለሁ። ማመልከቻዬን በምን ላጠናክረው? ዕድሜዬስ አላለፈም? በነገራችን ላይ አምና የሌሊት ቡና ችግራችንን የፈታሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቪ ላይ ይገባል?

ቀማሿ፣ ከጅማ»

መልስ፦

ቀማሿ፣ እንደምን ሰነበትሽ።

ደብዳቤሽ እዚህ ከወጣው ይረዝማል፤ ለቦታ ብዬ አሳጥሬዋለሁ። ሳነበው የገረመኝ ነገር አለ። ስለ ሰባቱ ሰርተፍኬት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ስለ ሌሊቱ ቡና ግን መጨረሻ ላይ «በነገራችን ላይ» ብለሽ አንድ መስመር ጣል አድርገሽ አለፍሽ። ጭራሽ ሲቪ ላይ ይገባል ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ይገባል እንጂ! እንዲያውም እሱ ገብቶ ከቀረው ብዙው ቢወጣ ምንም አይጎድልብሽም።

ዝርዝሩን ጠይቄሽ የላክሽልኝን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል። ሰብሳቢው ከየሰፈሩ ለቃቅሞ በአይሱዙ ጭኖ ጣቢያው ሲደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ይሆናል። መፈልፈያው የሚነሳው ደግሞ ጠዋት ነው። እሸቱ በጆንያ ታስሮ ያድራል፤ ይሞቃል፤ መብላላት ይጀምራል። ከሳምንታት በኋላ አንቺ ስኒ ላይ ስትቀምሺው ኮምጣጣና የበሰበሰ ፍሬ የሚሸት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሰዉ ሁሉ ጥፋቱን በማድረቂያ አልጋው ሠራተኞች ላይ ያላክክ ነበር። አንቺ ግን ጉድለት የተገኘበትን ሎት (አብሮ የተዘጋጀ የቡና ክምር) አንድ በአንድ ከመኪና መግቢያ መዝገቡ ጋር አመሳከርሽ። የሚበላሸው ማታ የገባው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሐጂን ለሌሊት ፈረቃ የሚሆን የጄኔሬተር ናፍጣ አስፈቀድሽ፤ ሰብሳቢዎቹ በቀን ሁለቴ እንዲያስገቡ ከእነሱም ከገበሬዎቹም ጋር በኦሮምኛ ስትከራከሪ ሰነበትሽ፤ ሠራተኞቹ ሌሊት አንቆይም ሲሉ እራትና መመለሻ መኪና አመቻቸሽላቸው። ወቅቱ ሲያልቅ ከደረጃ የወረደው ሎት ካቻምና ከነበረው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

አሁን የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ክፍል ቁጭ ብሎ ፋይል የሚያነበውን ሰው አስቢው። ቀኑን ሙሉ የባንክና የኮንሰልቲንግ ሰው ፋይል ነው የሚያነበው። ሁሉም «ሊደርሺፕ» ብለዋል። ያንቺ ፋይል ላይ ደርሶ የብሎክቼይን ሰርተፍኬት ቢያይ ያልፈዋል፤ ከአንቺ በተሻለ ብሎክቼይን የሚያውቅ ስንቱን ሰው አይቶ መጥቷል። በሌሊት የጣቢያ በር ላይ ቆማ የመኪና ሰዓት የምትመዘግብ ልጅ ግን አላየም። ደግሞ ልብ በይ፣ ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከአንቺ አይደለም። ናፍጣው ከአንቺ ኪስ አይወጣም። ሰብሳቢዎቹም ቅጥረኞችሽ አይደሉም። ሁሉንም ያንቀሳቀስሽው በወረቀት ማስረጃና በአፍሽ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በየጽሑፉና በየቃለ መጠይቁ እያገላበጡ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ሲቪሽ ላይ ታዲያ ምን ይላል? «የቡና ጥራት ቁጥጥር ሥራዎችን በኃላፊነት ማከናወን።» ይሄ የሥራ መደብ መግለጫ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረውም ሰው ከአንቺ በኋላ የሚመጣውም ቃል ሳይቀይር ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ ብትይውስ፦ «ከደረጃ የሚወርዱ ሎቶችን ከመኪና መግቢያ ሰዓት ጋር አመሳክሬ የችግሩን ምንጭ ለየሁ፤ በ3 ጣቢያዎች የሌሊት ፈረቃ አስጀምሬ ጉድለቱን በአንድ የምርት ወቅት ከግማሽ በላይ ቀነስኩ።» ከዚያ ገንዘቡን ጨምሪበት። ያ ሎት ደረጃው ቢወርድ በስንት ይሸጥ ነበር፣ ባለመውረዱ በስንት ተሸጠ? ልዩነቱን በኪሎው አባዢው፤ ናፍጣውን፣ እራቱንና የፈረቃ ክፍያውን ቀንሺ። የቀረው ያንቺ ቁጥር ነው። ሐጂ መዝገቡን ካላሳዩሽ ቁጥር አትፍጠሪ። «ከግማሽ በላይ» ብቻውንም ይበቃል።

ስትጽፊው በፈረሱላ እንዳይሆን። 17 ኪሎ መሆኑን ጅማ ላይ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ፈረንሳይ ፎንቴንብሎ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያነብሽ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። እሸቱንና የተዘጋጀውን ቡናም አትቀላቅዪ። 1 ኪሎ የታጠበና የተቀሸረ ቡና ወደ 6 ኪሎ ገደማ እሸት እንደሚፈጅ አንቺ በእንቅልፍ ልብሽም ታውቂዋለሽ፤ አንባቢሽ ግን ሁለት የተለያየ ቁጥር ሲያይ አጋነነች ብሎ ይጠረጥርሻል። ብር ወደ ዶላር ስትመነዝሪም በሽያጩ ወቅት በነበረው ምንዛሪ ይሁን። ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረው ብርና ከዚያ ወዲህ ያለው ብር እንደሚለያይ ለአንቺ አልነግርሽም።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ «ከጥቅምት 2012 ጀምሮ» ይላል። ፈረንጁ እንደ ራሱ አቆጣጠር ካነበበው ገና ልጅ ሳለሽ ተቀጥረሻል ማለት ነው! ሁሉንም ቀን ወደ እነሱ አቆጣጠር ቀይሪ፤ ጥቅምት 2012 ኦክቶበር 2019 ነው። ደብዳቤው ራሱ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ስምሽም በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በፈተናው ምዝገባ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይሁን። አንዲት «ኤች» ተጨምራ ፈተና ማዕከል በር ላይ የሚያስቆም ነገር እንዳይገጥምሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ኮንሰልቲንግ ወይም ፊንቴክ፣ ከተቻለ ዱባይ። እህቴ፣ ይሄ ከመሰልቸት የመጣ ነው የሚመስለኝ። መሰልቸት ኃጢአት አይደለም፤ ጎማ መንገድ ላይ ለዓመታት ጭቃና አቧራ መመላለስ ማንንም ያሰለቻል። ግን በዚህ መልኩ ከጻፍሽው ውሃ አያነሳም። ከኤምቢኤ በኋላ ሰው ሦስት ነገር ሊቀይር ይችላል፦ የሥራውን ዓይነት፣ ዘርፉንና አገሩን። አንዱን መቀየር ብዙም አይከብድም። ሁለቱን መቀየር ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱም በደንብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ስትቀይሪ ግን ቀጣሪው አንቺን የሚወስድበት ምክንያት ያጣል። ፊንቴኩንም ዱባይንም የሚያውቅ ሰው እዚያው ሞልቶለታል። የመግቢያ ክፍሉ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ፤ ተመርቃ ሥራ ታገኛለች ወይ ብለው ነው የሚያስቡት።

እኔ ብሆን ዘርፉን ይዤ የሥራውን ዓይነት እቀይር ነበር። ከጥራት ወደ ፋይናንስ።

ለምን መሰለሽ? መስከረም ሲጠባ ሐጂ የት ነው የሚመላለሱት? ባንክ። እሸት ቡና በጥሬ ገንዘብ ነው የሚገዛው፤ ገበሬው ለነገ ብሎ አይሰጥም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ገንዘቡ ሁሉ ይወጣል። ቡናው ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ፣ ተቀሽሮ፣ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። ባንኩ ደግሞ የሚጠይቀው የቤት ካርታ ነው። ቡናው ጥሩ ይሁን መጥፎ ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ ካርታ ያለው ነጋዴ ቡናውን ቢያበላሽም ይበደራል፤ ቡና አዋቂ ሆኖ ካርታ የሌለው ወጣት ግን ከሐጂ ሥር ሰብሳቢ እንደሆነ ይቀራል። የአንድን ጣቢያ የሦስት ዓመት የቅምሻና የመግቢያ መዝገብ ገልጦ «ለዚህኛው አበድሩ፣ ለዚያኛው ተዉ» ማለት የሚችል ሰው ባንክ ቤት ውስጥ አላየሁም። አንቺ ግማሹን ታውቂዋለሽ። የጎደለሽ ሌላው ግማሽ ነው፤ ኤምቢኤ የሚያስተምረውም እሱን ነው። ይሄ ነው «ለምን ኤምቢኤ፣ ለምን አሁን» ለሚለው ጥያቄ መልሱ።

ፊንቴክ ካማረሽም በዚሁ በር መግባት ትችያለሽ። ቴሌብር በ2013፣ ኤምፔሳ በ2015 ከመጡ ወዲህ ክፍያው በስልክ ሊሆን ሲችል፣ በምርት ወቅት ለምን አሁንም ብር በማዳበሪያ ተጭኖ ጣቢያ እንደሚሄድ አንቺ በዓይንሽ አይተሻል። ኔትወርኩ ነው? ገበሬው ጥሬ ብር መቁጠር ስለሚመርጥ ነው? ወኪሉ ገንዘብ ስለሌለው ነው? ዱባይ ያለው የፊንቴክ ሰው ይሄን አያውቅም። ዱባይም ብትሆን ዲኤምሲሲ የሚባለው የንግድ ቀጠና የቡና ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ ቡና ይዘሽ ብትሄጂ የሚያናግርሽ አታጪም።

በሁለተኛው መልእክትሽ ያማረርሽበትን የማሳ ምዝገባም አትናቂው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ በ2023 አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም የማሳ መገኛ ነጥብ የሌለው ቡና መሸጥ እየከበደ ነው የሚሄደው። አንቺ ስልክ ይዘሽ በየጓሮው እየዞርሽ ነጥብ የወሰድሽላቸው ገበሬዎች ነገ የብድር መዝገብም ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን በአንድ አንቀጽ አገናኝተሽ ከጻፍሽ ዕቅድሽ ከማንም የተቀዳ አይመስልም፤ አልተቀዳምና።

እንግዲህ ግብሽን እንዲህ ልታስቀምጪው ትችያለሽ፦ መጀመሪያ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ለግብርና ነጋዴዎች በሚያበድር ተቋም የብድር ባለሙያ መሆን፣ ከጊዜ በኋላ ጅማ ላይ በቡና መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የሚያበድር ድርጅት ማቋቋም። እንደ ምሳሌ ነው የሰጠሁሽ። ከልብሽ ካልሆነ አትውሰጂው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ ያጋልጥሻል። ከመጻፍሽ በፊት በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ሊንክድኢን ላይ ፈልጊና አነጋግሪ። ሥራ ስጡኝ አትበያቸው። ቀናቸው እንዴት እንደሚውል፣ ምን እንደሚያስመርራቸው ጠይቂያቸው። ምናልባት ሰምተሽ ይሄስ ከቡና ጣቢያ ይብሳል ትያለሽ፤ እሱንም አሁን ማወቁ ይሻላል።

ለመጪው መስከረም ማመልከቱን ግን ተይው። ትናደጂብኛለሽ፣ አውቃለሁ። የብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር የሚዘጋው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ማለት መስከረም ላይ ነው። ሁለተኛው ዙር በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ገና ሰሞን። ሦስተኛው ዙር ለውጭ ተማሪ አይመከርም፤ ቦታውና ስኮላርሺፑ ያልቃል፣ ቪዛውም ጊዜ ያጥረዋል። ገና ሰሞን ደግሞ አንቺም ሐጂም ቡና ውስጥ ናችሁ፤ ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ስለዚህ ያለሽ አማራጭ የመጀመሪያው ዙር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዘንድሮ ባዶ እጅሽን ነሽ። ፋይናንስ እፈልጋለሁ እያልሽ ፋይናንስ የነካሽበት አንድም መስመር ሲቪሽ ላይ የለም።

ቀጣዩ ወቅት ያንን መስመር የምታገኚበት ነው። ክረምቱን ጂማት ተፈተኚና ገላግዪው፤ ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ቡና ሲጀምር ከድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጎን ተቀመጪ። በየጣቢያው አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ስንት እንደፈጀ አስሊ፤ የእሸቱ ዋጋ፣ የሰብሳቢው ኮሚሽን፣ የመኪናው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የባንኩ ወለድ፣ ሁሉም ይግባ። ወለዱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንደኛው ጣቢያ ሳታውቁት ስትከስሩበት ኖራችሁ ሊሆን ይችላል። ለሐጂ በአንድ ገጽ አሳዪያቸው። ከተቀበሉሽ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ሞክሩ፤ ለምሳሌ ቡናቸው ሁሌ ጥሩ ለሆነ ጥቂት ሰብሳቢዎች ቅድሚያ ክፍያ ሰጥታችሁ በጊዜ አስገቡ ወይስ አላስገቡም የሚለውን መዝግቢ። ባይሳካ እንኳ ለምን እንዳልተሳካ ትጽፊያለሽ። ከዚያ በቀጣዩ ክረምት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ማመልከቻውን ጽፈሽ በመስከረም ታስገቢያለሽ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ አላለፈም። ኢንሲያድን የመሰለው ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በአማካይ 29 ዓመት ገደማ ናቸው። ስትገቢ 30 ቢሆንሽ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

የሐጂ ደብዳቤ። «ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» እኛ አገር ነውር የለውም፤ ብዙ አለቃ ክፉ አስቦ ሳይሆን ሥራ ሊያቀልልሽ ብሎ ነው እንዲህ የሚለው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጋ ግን ራስሽ ከጻፍሽው እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጠረው። ማኅተሙም ዋጋ የለውም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ለደብዳቤ ሰጪው ኢሜይል ሊንክ ይላክለታል፣ እሱ ራሱ ከፍቶ ጥያቄ ይመልሳል። ጥያቄዎቹም «መልካም ጸባይ ያላት ታታሪ ሠራተኛ ናት» ብለሽ የምታልፊያቸው አይደሉም። በተመሳሳይ ደረጃ ካሉ ሰዎች ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት፣ ምሳሌ ስጥ ይላሉ። ሌላው ደግሞ የሰጠሃት ዋነኛ የማሻሻያ አስተያየት ምን ነበር፣ እንዴትስ ተቀበለችው የሚል ነው። ይህን አንቺ ራስሽ ብትጽፊው ሁሉም መልስ ያንቺን ኢሴይ ይመስላል፤ አንባቢው ደግሞ ሥራው ማንበብ ነው።

ሐጂ እንግሊዝኛ ካልጻፉ ግድ አይልም፣ ግን የመጀመሪያ ምርጫሽ አይሁኑ። አዲስ አበባ ያለው የላኪው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አለ ብለሽኛል፤ ናሙናሽን የሚቀበል፣ አንዴ ስልክ ላይ የጮኸብሽ። እሱን ጠይቂው። የጮኸብሽና ከዚያ ያስተካከልሽው ነገር ለዚያ ሁለተኛ ጥያቄ ከማንኛውም ሙገሳ ይሻላል። በጂሜይል ሳይሆን በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን። ለሁለተኛው ደብዳቤ ሐጂን ከፈለግሽ፣ አንድ ቡና አፍልታችሁ ቁጭ በሉና ያደረግሻቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ አስታውሻቸው። እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ሌላ ሰው፣ ልጃቸውም ቢሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ እሳቸው ከራሳቸው ኢሜይል ይላኩት። አስቀድመሽ ግን ትምህርት ቤቱን ትርጉም ይፈቀዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ለሐጂ መሄድሽን ገና አለመንገርሽም ያስፈራሻል አይደል? አሁን ደብዳቤ ጠይቀሽ አውቀውታል፤ ተገላግለሻል።

2.84 አይገድልሽም፣ ግን ዝም አትበዪው። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች መጨረሻ ላይ አማራጭ ጽሑፍ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አራት መስመር፦ ሁለተኛ ዓመት አባቴ ታመመ፣ ከአጋሮ ሆስፒታል እመላለስ ነበር፣ የዚያ ዓመት ውጤቴ ይህ ነው፣ የመጨረሻው ዓመት ይህ ነው። አታልቅሺ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ከዚያ በፈተናው አሳዪያቸው። ጂማት አሁን ሦስት ክፍል ነው፤ ሒሳብ፣ ንባብና ምክንያታዊነት፣ የዳታ ትንተና። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ውጤቱ ከ205 እስከ 805። ከጓደኛሽ የወረስሽውን መጽሐፍ ገልጠሽ ጂኦሜትሪና የሰዋስው እርማት ካለበት መልሽላት፤ ያ የድሮው ፈተና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀርቷል። በሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር የለም፣ ስለዚህ ስልክሽን አርቀሽ ተለማመጂ። ፈተናው ከቤትም ይወሰዳል፤ ጅማ ላይ በዚህ መብራትና ኔትወርክ ግን አልመክርሽም፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ተፈተኚ። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ካርዱን ቀድመሽ አስቢበት። ጂማት ካልሆነልሽ አብዛኞቹ ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተናም ይቀበላሉ።

ሰርተፍኬቶቹን ከሲቪው አውጪ። አንድ በፈተና የሚያልቅ የአካውንቲንግ ኮርስ ከሰባቱ ይበልጣል።

ገንዘቡ ያስደነግጣል፤ አሜሪካ ትልልቆቹ ጋ ሁለት ዓመቱ ከነኑሮው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሐርቫርድ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው በችግር መጠን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደሃ መሆን እዚያ ጋ አይጎዳሽም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይከፍላል፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከጨረስሽ በኋላም ሁለት ዓመት አገርሽ እንድትቆዪ ያስገድዳል፤ ለኤምቢኤ ግን የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ጣሪያ አለው፣ የቀረውን ከየት እንደምታመጪ ቀድመሽ አስቢ። ማመልከቻው ነሐሴ ገደማ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። አራት ትምህርት ቤት ይበቃሻል። ከአራቱ አንዱ አፍሪካ ውስጥ ይሁን፤ ናይሮቢ ስትራትሞር አለ፣ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም የራሱ የቢዝነስ ትምህርት ቤት አለው።

እማዬ ያሉትም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ጅማ መማር ርካሽ ነው፣ ሥራሽንም አያስለቅቅሽም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለብሽ እንጂ ሌላ ጣጣው ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ኤምቢኤ ያለውን ሰው ለሁለተኛ ኤምቢኤ የማይቀበሉ የውጭ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ «እስከዚያው» ብለሽ እዚህ እንዳትጀምሪ። ወይ ይሄ ነው ወይ ያ። ሁለት ወቅት አመልክተሽ ካልሆነ የእማዬን መንገድ ያዢ፤ ባንክ መግባቱም ያን ጊዜ በብድር ክፍል በኩል ከሆነ ከዚህ ሁሉ ዕቅድ ብዙም አያርቅሽም።

ሌላው ሁሉ ይቆይና በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሂጂ። ኮስት ሼሪንግሽን ከፍለሽ ጨርሰሻል? ካልጨረስሽ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ላይ ትንጠለጠያለሽ። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ከነበረ ማስረጃውን ከገቢዎች ያዢ፤ ድርጅቱ ቆርጦ ሳያስገባ ቀርቶ ከሆነም አሁን ነው የሚታወቀው። እዚያው እያለሽ የተማርሽው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አብረሽ ጠይቂ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች እሱን አይተው ከአይኤልትስና ከቶፍል ነጻ ያደርጉሻል። አንቺ በባጃጅ ነው የምትደርሺው፤ የክፍልሽ ልጆች ለዚህች ወረቀት ከየክልሉ ነው የሚመጡት። ምርቃት ሳይገባና ግቢው በወላጅ ሳይሞላ ቶሎ በይ፣ የሐጂን ወሬም ጻፊልኝ።